ምርኩዝም ልክ አለው



የዛሬው ጉዳያችን፣ አጋዥ መሣሪያ፣ ለጋይንት ሰው እንግዳ አይደለም። የእኛዋ ቤተልሔም የዜማው መጽሐፍ ድጓ የሚመሰከርባት ደብር ናት። የዜማው ምልክት በብራና ላይ ቢሰፍርም ዜማው የሚገባው በጆሮ ነው። ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው ካህንም መቋሚያ ይይዛል፤ መቋሚያ ስለያዘ ደካማ ነው ያለው የለም። ታዲያ ጉልበቱ የዛለ ገበሬ ምርኩዝ ሲይዝ፣ ጆሮዋ የከበደ እናት መስሚያ ስታደርግ ማፈር ከየት መጣ?

ከኀፍረቱ በላይ ግን የሚጎዳን አለመለካት ነው። የሞተ አባት ትቶት የሄደ ምርኩዝ ለልጁ ይሰጣል፤ ይርዘም ይጠር የሚጠይቅ የለም። ለመለካት ሰውየው ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ክንዱን ወደ ታች ይልቀቅ። የምርኩዙ መያዣ ከእጁ አንጓ ጋር መተካከል አለበት። ከዚያ ቢረዝም ትከሻ ይሰቅላል፤ ቢያጥር ወገብ ያጎብጣል። የሚያዘውም በጤነኛው እግር በኩል ነው፤ የታመመው እግር ሲራመድ ምርኩዙ አብሮት ይወጣል። ክራንችም ብብት ውስጥ የሚወተፍ አይደለም። በአናቱና በብብት መካከል ሁለት ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ክብደቱን የሚሸከመው መዳፍ ነው። በብብቱ የተንጠለጠለ ሰው ነርቩ ተጎድቶ እጁ ሊዝል ይችላል።

ዊልቸርም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ ዊልቸር ለተጠቃሚው አካልና ለሚኖርበት አካባቢ የሚስማማ፣ በአገር ውስጥም ሊጠገን የሚችል መሆን እንዳለበት አስፍሯል። ለሆስፒታል ለስላሳ ወለል የተሠራው ወንበር የእኛን ድንጋይና ዳገት አይችልም፤ ጎማው በፈነዳ ማግስት የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

ወደ ጆሮ ልለፍ። ጆሮው የከበደ ሁሉ መሣሪያ አያስፈልገውም። አንዳንዱን የደፈነው ኩክ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይወጣለታል። ጆሮው የሚመግል ልጅ ሕክምና ያግኝ እንጂ ዘይትና የቅጠል ጭማቂ አይንቆርቆርበት። መስሚያ የታዘዘለት ሰው ደግሞ ባትሪው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እንደሚያልቅ፣ እርጥበትም እንደሚያበላሸው አስቀድሞ ይነገረው። ለቤተሰቡም ምክር አለኝ፦ አትጩኹ። ጩኸት ቃሉን ያደፈርሰዋል። ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተን ስናወራ ብርሃኑ ከኋላችን ስለሚሆን ከንፈራችን አይታይም፤ ዞር ብለን ብርሃኑ ፊታችን ላይ ይረፍ፤ ቀስ ብለን እንናገር።

ከአልጋ ያልተነሣ ሕመምተኛ ያለበት ቤትም አለ። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፤ ተረከዙና የጅራት አጥንቱ ጫፍ መቅላት አለመቅላቱ በየቀኑ ይታይ። ከመተኛት የሚመጣው ቁስል ከወጣ በኋላ ከማዳን አስቀድሞ መከላከል እጅግ ይቀላል። ስብራት ሲያጋጥም ደግሞ ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እግር ከበረደ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ወደ ሐኪምም ይኬድ። በጥብቅ ማሰሪያ ምክንያት የተቆረጡ እግሮች ብዙ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት፣ በአንዳንድ ድሃ አገሮች አጋዥ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው 100 ሰዎች የሚያገኙት 3ቱ ብቻ ናቸው። በባሕር ዳርና በደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከላት አሉ፤ ነገር ግን መራመድ ያቃተው ሰው እዚያ እንዴት ይድረስ? ስለዚህ መለኪያው ወደ ቤት ይምጣ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶች አሉን። እስከ እጅ አንጓ ያለውን ቁመት ለመለካት ገመድ ይበቃል፤ የሚያስፈልገው ሥልጠናው ነው።

የእድር ዳኞች ሆይ፤ ለቀብራችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አዘጋጅታችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አገራችን ሰው በቃሬዛ የሚወጣባት ናትና ቃሬዛም አትነፍጉንም። በዕቃ ቤታችሁ ውስጥ ግን ቁመቱ የሚስተካከል ሁለት ጥንድ ክራንችና አንድ ዊልቸር ጨምሩ። የታመመ ይዋስ፤ የዳነ ይመልስ። እድር ለሞተ ሰው ብቻ አይሁን።