ትምህርት ሳይጨርሱ ወደ ክለብ ስለ መግባት

(በዕረፍት ጊዜ ወደ ሐርተሼክ ለመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ ለከተማው ወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ስለ ኳስ ንግግር አድርግ ስባል በመጀመሪያ ሳቅሁ። ኳስ የሚጫወቱት እንጂ ንግግር የሚያደርጉለት ነገር አይመስለኝም ነበርና። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ሻይ ቤት በር ላይ ጠርተውኝ፥ «አዴር፥ አንተ ሕግ ትማራለህ ይሉኛል። ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ 11ኛ ክፍል ደርሷል። ክለብ አስገብቼ ደመወዝ አስቆርጥለታለሁ የሚል ሰው መጥቶብኛል። ልጁ ይሂድ ወይስ ይቅር?» ብለው ጠየቁኝ። ወዲያው የምሰጠው መልስ ስላልነበረኝ፥ ቀን ይስጡኝ ብዬ ተለየኋቸው። ዛሬ የምናገረው ለእርሳቸው የዘገየ መልስ ነው። እርሳቸውም ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን አልጠራም።

በዚህ ጥያቄ ላይ ከማንም ይልቅ ብዙ የተከራከሩት አሜሪካኖች ናቸውና ከእነርሱ ልነሣ። እነርሱ «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ የኛው እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ ጫፍና ጫፉ የሾለ ነው፤ በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ፤ እግር የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ታዲያ ለምን «እግር ኳስ» እንዳሉት ራሳቸው ይጠየቁበት። ለእኛ የሚጠቅመው፥ ተጫዋቹ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ደመወዝተኛ ክለብ የሚሻገርበት ሥርዓት ነው።

እ. ኤ. አ. በ1925 ሬድ ግሬንጅ የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኅዳር ውስጥ ቅዳሜ ቀን የመጨረሻውን የኮሌጅ ጨዋታ ተጫወተ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ በቺካጎ ቤርስ ክለብ ማልያ ለገንዘብ ተሰለፈ። ዲግሪውን አልጨረሰም። በዚህ ምክንያት ታላቅ ጩኸት ተነሣ፤ ኮሌጆቹም ልጆቻችንን ከክፍል እየነጠቃችሁ ነው ብለው ከሰሱ። ስለዚህ የክለቦቹ ማኅበር በ1926 አንድ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም አብረውት የገቡት ተማሪዎች ሳይመረቁ ማንም ክለብ ተጫዋች እንዳያስፈርም የሚል ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ «ድራፍት» የሚባለውን አመጡ። በድራፍት ተጫዋቹ ክለብ አይመርጥም፤ ክለቦቹ በተራ ተጫዋቹን ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት የተሸነፈው ይቀድማል። ዛሬ 32 ክለቦች በ7 ዙር ወደ 250 የሚሆኑ ወጣቶችን ይወስዳሉ። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ ደንቡ ጥቂት ላልቶ፥ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ 3 ዓመት የሞላው ወጣት ሳይመረቅም ለድራፍት ሊቀርብ ይችላል።

3 ዓመት! ለምን 3 ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፥ የሚሰጠው ምክንያት መልካም ነው፤ አካሉ ያልጠነከረ ልጅ ከጎልማሶች ጋር ቢጋጭ ይሰበራል፤ ደግሞም ይማር የሚል ነው። እኔ ምክንያቱን አልንቅም። ነገር ግን የሞሪስ ክላሬትን ነገር ስሙ።

ይህ ወጣት በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ ቡድኑን በጥር 2003 የአገር ሻምፒዮን ያደረገችውን የመጨረሻዋን ነጥብ አገባ። ከዚያ በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ጋር በጥቅም ጉዳይ ተጋጭቶ ከጨዋታ ታገደ። ከኮሌጅ እንዳይጫወት ታግዷል፤ ወደ ክለብ እንዳይሄድ 3 ዓመት አልሞላውም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሄደ። በየካቲት 2004 ረታ፤ በግንቦት ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ያንን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር ሲሆኑ በኋላ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት በቅተዋል። ፍርዱ ባጭሩ፥ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለው ነገር በክለቦቹና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል በድርድር የሚወሰን የሥራ ጉዳይ ነው የሚል ነበር። ክላሬት በ2005 በ3ኛው ዙር ለዴንቨር ክለብ ተመረጠ፤ ውድድሩ ሳይጀመር ተሰናበተ። 2 ዓመት ሙሉ ሳይጫወት የቆየ እግር ምን እንደሚሆን ኳስ የነካችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ።

ፍርዱን ደጋግሜ ባነበብሁት ቁጥር አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ስለሚገባው ልጅ የሚደራደሩት አስቀድመው የገቡት ናቸው። ማኅበሩ የአባሎቹን ቦታ ይጠብቃል፤ ገና በር ላይ የቆመው ልጅ አባል አይደለምና ወኪል የለውም። ኮሌጁም ቢሆን ከልጁ ጋር እኩል አይደለም። በእነዚያ 3 ዓመታት ስታዲዮሙ ይሞላል፤ አሠልጣኙ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይቀበላል፤ ተጫዋቹ ግን የትምህርት ክፍያና ቀለብ ብቻ ነበረው። በስሙና በመልኩ ገንዘብ እንዲያገኝ የተፈቀደለት በሐምሌ 2021 ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉት የተፈቀደላቸው ደግሞ በ2025 ነው። ስለዚህ «ለልጁ ስንል ነው» የተባለ ደንብ ስታዩ፥ ደንቡ የቆመው ለማን እንደሆነ ጠይቁ።

ይሁን እንጂ ከአሜሪካኖች ሁለት ነገር እወድላቸዋለሁ። አንደኛው፥ ቶሎ ለመውጣት የሚያስብ ተማሪ የክለብ አዋቂዎች ወዳሉበት ኮሚቴ ስሙን ይልካል፤ እነርሱም በ1ኛው ዙር ትመረጣለህ፥ ወይም በ2ኛው፥ ወይም ትምህርትህ ላይ ቆይ ብለው ይመልሱለታል። ሁለተኛው በቅርጫት ኳስ ያለው ነው። እዚያ በድራፍቱ ዓመት ውስጥ 19 ዓመት የሚሞላውና ከሁለተኛ ደረጃ ከወጣ አንድ ዓመት የሆነው መግባት ይችላል፤ ለድራፍት ተመዝግቦ ገበያውን ካየ በኋላም እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ስሙን አውጥቶ ወደ ኮሌጁ ሊመለስ ይፈቀድለታል። አንዱ እውነቱን የሚነግር ሰው ነው፤ ሌላው ያልተዘጋ በር ነው። ልጁ 3 ዓመት ታስሮ ከሚቆይ እነዚህ ሁለቱ ይበልጡታል ባይ ነኝ።

ትምህርትና እግርን አብሮ መያዝ አይቻልም የሚለኝ ቢኖር ከራሳችን ሰዎች ልጥቀስ። ከላስዓኖድ የተነሣው አብዲ ቢሌ በ1987 በሮማ የዓለም የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሲሆን በአሜሪካ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንታኪ የሄዱት ያሬድ ኑጉሴ ደግሞ በ2019 የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ለገንዘብ ለመሮጥ አልቸኮለም፤ በኖትር ዳም ትምህርቱን ጨርሶ ወጣ፤ በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ በ3 ደቂቃ ከ27 ነጥብ 80 ሰከንድ ነሐስ አገኘ። እርግጥ ሩጫ እንደ ኳስ አይደለም፤ ሯጭ ሰዓቱ ይመሰክርለታል፤ ኳስ ተጫዋች ግን የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ልዩነት አልክድም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሐርተሼክ ድንበርን የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በ1980 ዓ. ም. ከሐርጌሳ የሸሸው ሕዝብ እዚህ ሜዳ ላይ ሰፍሮ፥ ሩብ ሚሊዮን ሰው ውሃ በቦቴ እየመጣለት ኖሯል፤ መጠለያው የተዘጋው በ1996 ዓ. ም. ነው። ዕቃም ሰውም በዚህ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። ኳስ ተጫዋች ግን እንደ ሸቀጥ አያልፍም፤ ለእርሱ ሌላ ሕግ አለው።

የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ ከ2001 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ከልክሏል። ጥቂት በሮች ብቻ ተትተዋል። ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ከለወጡ፥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወድቆ ያለ ወላጅ ከተሰደደ ይፈቀድለታል። ሌላው በር እኛን የሚመለከት ይመስላል፤ ልጁም ክለቡም ከድንበሩ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሆኑ፥ በመካከላቸውም ከ100 ኪሎ ሜትር ካልበለጠ፥ ልጁ ከቤቱ እየተመላለሰ እንዲጫወት ይፈቀዳል፤ ግን የሁለቱም አገር ፌዴሬሽኖች በግልጽ መስማማት አለባቸው። የሶማሌላንድ ፌዴሬሽን የፊፋ አባል አይደለም፤ በ2016 ከፊፋ ውጪ ያሉ ቡድኖች በአብካዚያ ባደረጉት ውድድር መሰለፉን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ሐርጌሳ ሄዶ መጫወት ነውር ባይሆንም፥ እዚያ የሚፈረም ወረቀት በፊፋ ዘንድ አይቆጠርም፤ ደመወዝ ቢከለከል የሚከሰስበት የፊፋ ሸንጎ የለም።

ይህ ክልከላ ለትልልቆቹም አልቀረም፤ ባርሴሎና በ2014 በዚሁ ምክንያት ተጫዋች ማስፈረም ተከልክሏል። ሜሲ ራሱ በ13 ዓመቱ ከአርጀንቲና ወደዚያ ክለብ የሄደው በ2000፥ ደንቡ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። «ሜሲስ?» የምትሉኝ ልጆች ስለምትኖሩ አስቀድሜ ተናገርሁ።

ደላላው ታዲያ ምን ይላል? «19 ነው በሉ» ይላል። ችግራችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ. ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዕድሜው በእናቱ ልብ ነው ያለው፤ የእኛ ሽማግሌዎች ዓመትን በድርቅ ይቆጥራሉ፤ የዳባዴር ዓመት ሲሉ ሁላችን እናውቃለን። ለከብት ይህ ይበቃ ነበር። ለኳስ ግን አንድ ልጅ ሦስት ዕድሜ ያወጣል፤ ከ17 ዓመት በታች ለሚሆን ውድድር ይቀነስለታል፥ ድንበር ለማሻገር ይጨመርለታል፥ በትምህርት ቤት መዝገብ ደግሞ ሌላ ተጽፎለታል። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ለታዳጊዎቹ የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ አጥንት በመሣሪያ እያስነሣ ይመረምራል። ሦስቱ ዕድሜዎች በተገናኙ ቀን የሚታገደው ደላላው አይደለም፤ ልጁ ነው።

በአገር ውስጥ ለሚጫወት ደግሞ ሕጋችን እንዲህ ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አካለ መጠን አላደረሰም፤ ያለ ሞግዚቱ የሚገባው ውል ሊፈርስ ይችላል። በሥራ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለውን መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። በፊፋ ደንብም ከ18 በታች ያለ ተጫዋች ከ3 ዓመት የሚበልጥ ውል መፈረም አይችልም። አምስት ዓመት የሚል ወረቀት ካያችሁ፥ ትርፉ ሁለት ዓመት ከንቱ ነው።

እንግዲህ ለአባታችን። እኔ «ይማር፥ ኳሱ ይቅር» ብል ቀላል ነበር። ነገር ግን ይህን የምለው የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት እየበላሁ ነው፤ የእርሳቸው ከብት አልቋል። ትምህርቱም ቢሆን ዋስትና አይሰጥም፤ በ2015 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ወደ 3 ብቻ ነበሩ። ልጁ ይህን ቁጥር ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። የእግር ዕድሜም አይጠብቅም፤ በአሜሪካ የተጫዋቾቹ ማኅበር ራሱ በአማካይ ከ3 ዓመት ትንሽ እንደሚበልጥ ይናገራል። ስለዚህ ልጁ ስለ ቸኮለ ሰነፍ ነው ማለት ግፍ ነው።

የእኔ መልስ ይህ ነው። ድንበር ማሻገር ከሆነ አይሂድ፤ 18 እስኪሞላው ድረስ፥ ከሞላውም በኋላ በፌዴሬሽን ወረቀት ካልሆነ አይሂድ። በአገር ውስጥ ላለ ክለብ ከሆነ ይሂድ፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፥ አባት አንብበው ይፈርሙ፥ ክለቡም ባለበት ከተማ 12ኛ ክፍልን እንዲማር ጊዜና ክፍያ በውሉ ይጻፍለት። ወኪል ነኝ የሚለው ሰው የፊፋን ፈተና አልፎ ፈቃድ ያወጣ መሆኑን ያሳይ፤ ፈቃድ ያለው ወኪል እንኳ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ልጅ ጋር የሚነጋገረው በሞግዚቱ የጽሑፍ ስምምነት ነው። ልጁ ሳይፈርም ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ሻይ አጠጥታችሁ ሸኙት።

ለእናንተ ለወጣቶቹ አንድ ሥራ አለኝ። ፊፋ ተጫዋቹን ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ላሠለጠነው ክለብ የማሠልጠኛ ካሣ እንዲከፈል ያዛል፤ ለሌላ ክለብ በገንዘብ ሲዛወርም ከክፍያው ከ100 አምስቱ ለአሳዳጊዎቹ ክለቦች ይከፋፈላል። ስሙ በፌዴሬሽን መዝገብ ያልተጻፈ ቡድን ግን ሳንቲም አያገኝም። ከብርካው ማዶ የሚጫወቱት ልጆች አሠልጣኝ አላቸው፥ ኳስ የሚገዛላቸው ነጋዴ አለ፤ የምዝገባ ወረቀት ብቻ የላቸውም። ይህን ማስመዝገብ ከአንድ ክረምት በላይ አይፈጅም።

ለተማሪዎች ማኅበራችን ደግሞ ይህን አቀርባለሁ። የታመመ ተማሪ ዓመት አቋርጦ እንዲመለስ እንደሚፈቀድለት ሁሉ፥ ከክለብ ጋር የተፈራረመ ተማሪም 2 ዓመት ወጥቶ ወደ ክፍሉ እንዲመለስ ማኅበሩ ዩኒቨርሲቲውን ይጠይቅ። «ወይ ኳስ ወይ ዲግሪ» የሚለውን ምርጫ የፈጠርነው እኛው ነን።

ያ ሰው ረቡዕ ይመለሳል ተብሏል። ወረቀቱን ከአባትዬው ጋር ሆኜ አነብባለሁ። ከእናንተ መካከል ከክለብ ጋር የተፈረመ ማንኛውም ውል በእጁ ያለ ቢኖር፥ ለማነጻጸር ስለሚረዳን እስከ ማክሰኞ ማታ ያምጣልኝ፤ ስሙን ሸፍኖ ቢሰጠኝም ይበቃኛል።