ስለ ብርሌ ድንጋይና ስለሚነገርለት ፈውስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሮች ስም የተደረገ ንግግር)



ስለ ድንጋይ ልንናገር ስንነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ እናውቃለን። ነገር ግን የምንናገረው እንደ ውሃ ጥርት ስላለው፤ የሳይንስ መምህራን ኳርትዝ ስለሚሉት ድንጋይ ነው። በመጻሕፍታችን ቋንቋ ስሙ ብርሌ ነው። ዛሬ ብርሌ ሲባል ሁሉም የሚያስበው የጠጅ መጠጫውን ነው፤ በዮሐንስ ራእይ ግን በዙፋኑ ፊት ያለው ባሕርና የሕይወት ውሃ ወንዝ በብርሌ ተመስለዋል። (ጠጅ ወዳዶች በዚህ እንዳትመኩ አደራ!)

የጥንት ግሪኮች ይህን ድንጋይ ከብርድ ጽናት የተነሣ ረግቶ የቀረ በረዶ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር «ክሪስታሎስ» አሉት፤ ትርጓሜውም በረዶ ማለት ነው። በመጀመሪያው ምዕት ዓመት የነበረው ሮማዊው ፕሊኒም ይህንኑ አምኖ ጽፏል። በረዶ ከሆነ ዘንድ ትኩሳት ያበርዳል፤ ጥምም ይቈርጣል የሚለው እምነት ከዚህ የተወለደ ይመስለናል። በእርግጥም ብርሌ ግንባሩ ላይ ያደረገ ሕመምተኛ ቅዝቃዜ ይሰማዋል፤ ድንጋዩ የሰውነትን ሙቀት ከመስተዋት ይልቅ ፈጥኖ ስለሚወስድ ነው። የትኩሳቱ ምክንያት ግን ባለበት ይቀራል። ፕሊኒ እንደ ነገረን ደግሞ ሐኪሞች ድቡልቡል ብርሌ ከፀሐይ ፊት ይዘው በጨረሩ ገላ ይተኵሱ ነበር። ይህኛውስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በአጉሊ መነጽር ወረቀት ያቃጠለ ልጅ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል።

ዛሬም በውጭ አገር ከተሞች ብርሌ «ኀይል ይሰጣል፤ ሕመም ያስወግዳል» እየተባለ ይሸጣል። በ2001 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በለንደን የሥነ ልቡና መምህር የሆኑት ክሪስቶፈር ፍሬንች በ80 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ምርመራ ውጤት አቀረቡ። እኩሌቶቹ እውነተኛውን ብርሌ፤ እኩሌቶቹ አስመስሎ የተሠራውን ይዘው በጸጥታ ተቀመጡ፤ የትኛውን እንደ ያዙ ግን አያውቁም። ሙቀት ተሰማን፤ ሰውነታችንን ነዘረን ያሉት ከሁለቱም ወገን ነበሩ። ሰዎቹ ዋሹ አንልም። ተሰማቸው፤ ያሰማቸው ግን አስቀድሞ የተነገራቸው ተስፋ እንጂ ድንጋዩ አይደለም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ እንዳይታያችሁ። በእኛ በጉለሌ የብርሌውን ሥራ የሚሠሩት ክታብ፤ ዶቃና ዛጎል ናቸው። በልጇ አንገት ላይ የምታስር እናት በፍቅር እንደምታስር እናውቃለንና አንነቅፋትም። ክታቡ ታስሮ ሕክምናው ሲዘገይ ግን ዝም ማለት አንችልም። ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ተብሎ የተቋቋመው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ያለው በዚሁ በእንጦጦ መንገድ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል መመርመር አለበት።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ክታቡ ከቡዳ ይጠብቃል ከተባለ፤ ቡዳው ማን ነው? የሚል ጥያቄ መከተሉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ጣት ወደ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ይቀሰራል። በጀበናቸው ቡናችንን እናፈላለን፤ በምጣዳቸው እንጀራችንን እንጋግራለን፤ ሕፃን ሲታመም ግን ዓይናቸው ነው እንላለን። ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ ይህ ተረት አይደለም፤ ጓደኛና ትዳር የሚያሳጣ ስም ነው። ሕፃኑን ያሳመመው ያልፈላ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ውሃውን ግን ማንም ቡዳ አላለውም።

ታዲያ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን መድኃኒት ሁሉ ይጣል ማለታችን ነውን? አይደለም። በ1964 በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፤ ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱ ናቸው። ዶክተሩ በዕቃ ቤት ዘወትር የምናየውን እንዶድ አልናቁም፤ በጭፍንም አላመኑም፤ መረመሩት፤ ቀንድ አውጣ ገዳይ ሆኖም ተገኘ። ብርሌው በተመረመረበት ዓይነት እንዶዱም ተመርምሯል፤ አንዱ ወደቀ፤ አንዱ አለፈ።

ብርሌውም ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም። የኩሪ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር በ1880 ብርሌ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳይተዋል። በብዙዎቻችሁ የእጅ ሰዓት ውስጥም ቅንጣቱ አለ፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ እየተርገበገበ ሰዓቱን ይቈጥራል።

በሳይንስ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርሌና አንድ ቁራጭ መስተዋት አስቀምጠናል። መጥታችሁ ሁለቱን በእጃችሁ ያዙና የሚቀዘቅዘውን ለዩ፤ ከዚያም አንዱን በሌላው ጫሩት። ብርሌው መስተዋቱን ይጭረዋል፤ መስተዋቱ ግን ብርሌውን አይጭረውም።