መድኃኒት ከተዋጠ በኋላ ወዴት ይሄዳል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ መምህር እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በጦር ሜዳ ወይም በመንግሥት ሥራ የገነነ ሰው አልመረጥሁም። የመረጥኋቸው ሰው ለጥንቸሎች ልዩ ልዩ መድኃኒት እየሰጡ ሽንታቸውን በመመርመር ብዙ ዘመን የኖሩ ሊቅ ናቸው። ይህን ሰምቶ የሚሥቅ ይኖራል፤ እኔም መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ሥቄአለሁ። ዳሩ ግን የእኒህ ሰው ሥራ በእናቶቻችን ሣጥን ውስጥ እስከ ተቀመጠው ኪኒን ድረስ እንደሚደርስ በተረዳሁ ጊዜ ሣቄን ተውሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ኪኒን ከተዋጠ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ብዙዎቻችን መድኃኒቱ በሽታውን ፈልጎ ካገኘ በኋላ ሥራውን ጨርሶ የሚጠፋ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከምንውጣቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ በቅባት እንጂ በውሃ በቀላሉ አይሟሙም። ኩላሊት ደግሞ በሽንት አድርጎ ማስወጣት የሚቀናው በውሃ የሚሟማውን ነው። ቅቤ የነካው ነጠላ በውሃ ብቻ ቢታጠብ ቅቤው አይለቅም፤ እንዶድ ወይም ሳሙና ሲጨመርበት ግን ከውሃው ጋር ይወርዳል። ምሳሌው ፍጹም ባይሆንም ጉበታችን ለመድኃኒት የሚያደርገው ይህን የመሰለ ሥራ ነው። መድኃኒቱን ይለውጠዋል፤ ከውሃ ጋርም ያስማማዋል።

ይህን ሥራ ደረጃ በደረጃ ካስረዱት ሊቃውንት ዋናው ፕሮፌሶር ሪቻርድ ቴክዊን ዊልያምስ ናቸው። የተወለዱት በ1909 ዓ.ም. የድንጋይ ከሰል በሚቈፈርበት በዌልስ አገር፥ አበርቲለሪ በምትባል ከተማ ነው። በካርዲፍ ተምረው በወጣትነታቸው ግሉኩሮኒክ አሲድ የሚባለውን ከስኳር ወገን የሆነ ነገር አጠኑ። ሰውነታችን ብዙውን መድኃኒት ሲያስወጣ የሚያጣብቅበት ይህንኑ አሲድ ነው። ከዚያም በበርሚንግሃምና በሊቨርፑል አስተማሩ። በ1949 ዓ.ም. በሎንዶን የቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሶር ሆኑ። ይህ ሆስፒታል አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ዓ.ም. ፔኒሲሊንን ያገኙበት ቦታ ነው። ዊልያምስ እስከ 1976 ዓ.ም. በዚያው ሲያስተምሩ ቆይተው በ1979 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ1947 ዓ.ም. ስለ መርዝ ማርከሻ መንገዶች አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ በየመጽሔቱ ተበታትኖ የነበረውን ዕውቀት በአንድ ላይ ሰብስበው በሥርዓት ያስቀመጡበት መጽሐፍ ነው። በ1959 ዓ.ም. እንደ ገና ባሳተሙት ጊዜ ነገሩን በሁለት ደረጃ ከፍለው አስረዱ። በመጀመሪያው ደረጃ ሰውነት መድኃኒቱን በኦክሲጅንና ይህን በመሳሰለው ይለውጠዋል፤ እንደ መንጠልጠያ ያለ ነገርም ያበጅለታል። በሁለተኛው ደረጃ በዚያ መንጠልጠያ ላይ ግሉኩሮኒክ አሲድን ወይም ሌላ ነገር ያንጠለጥልበታል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ በውሃ ይሟማና ይወጣል። ይህ አከፋፈል ዛሬም በዓለም ሁሉ ለሕክምናና ለፋርማሲ ተማሪዎች ይሰጣል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የሳይንስ ሰው ከሚለይበት ነገር አንዱ ሌላው ሰው ንቆ የሚያልፈውን ጥያቄ መጠየቁ ነው። በ1958 ዓ.ም. ዊልያምስ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ድመት ይህን የማጣበቅ ሥራ ትሠራ እንደ ሆነ ጠየቁ። ጥንቸል በሚገባ የምትሠራውን ይህን ሥራ ድመት ለብዙ መድኃኒቶች ከቶ አትችለውም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ለእኛ ራስ ምታት የምንወስደው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላታል። እንግዲህ አንድ መድኃኒት ለአንዱ ፍጥረት ፈውስ ሲሆን ለሌላው ሞት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት በ1957 ዓ.ም. በጀርመን አገር መሸጥ ጀመረ። በአይጦች ላይ ብዙ ጉዳት ስላላሳየ ምንም አያደርግም ተብሎ ለነፍሰ ጡር ሴቶች ሁሉ ይሰጥ ነበር። በ1961 ዓ.ም. መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በብዙ አገሮች ከ10,000 የሚበልጡ ሕፃናት እጃቸው ወይም እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ከዚያ በኋላ ዊልያምስና ተማሪዎቻቸው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ወደ ምን ወደ ምን እንደሚለወጥ መረመሩ። አይጥና ሰው አንድ አለመሆናቸው በእነዚያ ሕፃናት ዋጋ ታወቀ።

አሁን ወደ ተማሪዎቻቸው ልለፍ፤ የመምህር ፍሬው ተማሪው ነውና። ወደ ዊልያምስ ላቦራቶሪ ከልዩ ልዩ አገር ብዙ ወጣቶች መጥተው ተምረዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ ለአንድ ሊቅ ዕድሜ የማይበቃው ሥራ ለብዙዎች ተከፋፈለ። ከዊልያምስ ጋር ከሠሩት መካከል አንዱ ፕሮፌሶር ሮበርት ስሚዝ ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. ስሚዝና ባልደረቦቻቸው ደብሪሶኪን የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት በራሳቸው ላይ ሊሞክሩ ዋጡ። ሌሎቹ እምብዛም አልተሰማቸውም፤ የስሚዝ የደም ግፊት ግን እጅግ ወርዶ ወደቁ። እርሳቸው ግን ከአደጋው በዳኑ ጊዜ «ዕድሌ ክፉ ነበር» ብለው ዝም አላሉም። ሁሉም አንድ መድኃኒት ስንወስድ ለምን እኔ ብቻ ወደቅሁ ብለው ጠየቁ እንጂ።

ሽንታቸው ሲመረመር ሰውነታቸው ያን መድኃኒት ለመለወጥ እንደማይችል ተገኘ። ከዚያ በኋላ 94 ሰዎች ተመረመሩ፤ ቤተ ሰቦችም ተጠኑ። ችሎታው ከአባትና ከእናት የሚወረስ መሆኑ በ1977 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በመሆኑም በእንስሳና በሰው መካከል ብቻ ሳይሆን በሰውና በሰው መካከልም ልዩነት አለ ማለት ነው። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 በሚባል ስም ይታወቃል።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ ይህ ሁሉ የሎንዶን ወሬ ለእኛ ምን ያደርግልናል የምትሉ ብትኖሩ ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። መልሱ እነሆ። በ1996 ዓ.ም. ትውልደ ኢትዮጵያዊቱ ሊቅ እሌኒ አክሊሉና በስዊድን አገር በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ያሉ ባልደረቦቻቸው ስለ ኢትዮጵያውያን አንድ ጥናት አሳተሙ። ከተመረመሩት ሰዎች ከመቶው 29ኙ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ያላቸው ሆነው ተገኙ። በስዊድን ሰዎች ዘንድ እንደዚህ ያለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ጥናቱ የተደረገው ፕሮፌሶር ስሚዝን በጣለው በዚያው በደብሪሶኪን መሆኑ እኔን በጣም አስደንቆኛል።

የዚህ ትርጉሙ ምንድር ነው? ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ተመልከቱ። ኮዴይን ብቻውን ኀይሉ ደካማ ነው፤ ይኸው ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ግን ይበረታል። ኢንዛይሙ የበዛለት ሰው ሞርፊኑን ቶሎና አብዝቶ ያበጃል፤ ትንሽ ልጅ ከሆነ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። እንደዚህ የሞቱ ሕፃናት ስለ ተገኙ በ2013 ዓ.ም. የአሜሪካና የአውሮፓ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ ባለሥልጣኖች ለልጆች እንዳይሰጥ በብርቱ አስጠነቀቁ። በሌላ ወገን ደግሞ ይኸው ኢንዛይም የሚያፈርሳቸው መድኃኒቶች አሉ፤ እንደዚህ ባለው ሰው ሰውነት ውስጥ ሳይጠቅሙ ያልቃሉ። በውጭ አገር ሰው ላይ ተመዝኖ የመጣ መጠን ለእኛ ሁሉ ልክ ነው ብሎ መቀበል እንግዲህ አደገኛ ነው።

ነገሩ በደም ብቻ እንዳያልቅ ደግሞ ሌላ ጥናት ተጨመረ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ጥናት በኢትዮጵያ የሚኖሩትንና በስዊድን የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን አስተያየ። ዘረመላቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በአገራቸው ያሉት መድኃኒቱን የሚለውጡት በስዊድን ካሉት ይልቅ በዝግታ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የምንኖርበት አካባቢም የራሱ ሥራ አለው። ዘሩ አንድ ሲሆን መሬቱ ይለያያልና። ከምግባችን ወይም ከአኗኗራችን ይህን የሚያደርገው የትኛው እንደ ሆነ መርምሮ ማግኘት ለእኛ ለተማሪዎች የቀረ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ልለምን። መጀመሪያ ወላጆቻችንን እለምናለሁ። በሰፈራችን አንዱ ታሞ ሲያቃስት ጎረቤቱ ለራሱ የታዘዘለትን ኪኒን አውጥቶ ያካፍለዋል። ይህ የሚደረገው በደግነት መሆኑን ዐውቃለሁ፤ እኔም ከእንዲህ ያለ ኪኒን ውጬ ዐውቃለሁ። ነገር ግን እንጀራን ማካፈልና ኪኒንን ማካፈል አንድ አይደሉም። እባካችሁ፥ እንጀራውን አካፍሉን፤ ኪኒኑን ግን ለሐኪሙ ተዉለት። ለሐኪሙም ከዚህ በፊት የትኛው መድኃኒት እንደ ጣላችሁና የትኛው እንዳልሠራላችሁ ሳትደብቁ ንገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ልመናዬ ለጓደኞቼ ነው። ከእኛ መካከል በሚቀጥለው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ አሉ። ብዙዎቻችን ሐኪም መሆን እንመኛለን፤ ነጩን ካፖርት ስለምንወድ። የጥንቸል ሽንት ለመመርመር የሚመኝ ግን አላየሁም። ሆኖም አንድ ሐኪም በቀን የሚያድነው በእጁ የደረሱትን ሰዎች ነው፤ የመድኃኒትን መንገድ የሚመረምር መምህር ግን የሐኪሞችን ሁሉ እጅ ያቀናል። ስለ እኛ ደም የተጠየቀው ጥያቄ በስዊድን አገር ተመልሷል። የሚቀጥለው ጥያቄ በገዛ አገራችን፥ በገዛ እጃችን እንዲመለስ እመኛለሁ።

በመጨረሻም ለመምህራኖቻችን አንድ ቃል አለኝ። ፕሮፌሶር ዊልያምስ በ1979 ዓ.ም. ሲያርፉ ተማሪዎቻቸው የጀመሩት ጥያቄ አንድ ቀን ወደ ኢትዮጵያ እንደሚደርስ አላወቁም። እናንተም ዛሬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፋችሁት ነገ ወዴት እንደሚደርስ አታውቁም። ስለዚህ ስንሰንፍ አትሰልቹን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይጠብቅልን።