የዱቤው ዝርዝር የት ነው ያለው?

እሱ፦ እዚህ ኩዌት፣ ሪቃይ ላይ እንጀራና በርበሬ የምትሸጪበት ሱቅ አለሽ እንበል። የደንበኞችሽ ዱቤ የት ነው የተመዘገበው?

እሷ፦ ስልኬ ላይ ነዋ! ላፕቶፑ ላይም ገልብጬዋለሁ።

እሱ፦ ላፕቶፑ እዚያው ባንኮኒው ስር ነው። እሳት ቢነሳ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2025 የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል፣ 858 ቴራባይት የሠራተኞች ሰነድ ሌላ ቅጂ ስላልነበረው ጠፍቶ ቀረ።

እሷ፦ መንግሥት እንዲህ ከሆነ እኛማ! ምን ይሻላል?

እሱ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሱቁ ውጭ። ስልክሽ፣ ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ፣ ጉግል ድራይቭ።

እሷ፦ ዲስኩን መኪና ውስጥ ባኖረውስ?

እሱ፦ በዚህ በኩዌት ሙቀት? ኧረ በፈጠረሽ! ይልቅ ሐሙስ ማታ ሒሳብ ስትዘጊ ሰክተሽ ገልብጪና ንቀይው። ተሰክቶ ከዋለ ላፕቶፑን የቆለፈ ቫይረስ እሱንም ይቆልፈዋል። አልፎ አልፎም ከቅጂው አንድ ፋይል ከፍተሽ ሞክሪ።

እሷ፦ እኔ ደግሞ አንድ ልጨምር፣ ወንድሜ። ጉግል ድራይቩን የምንከፍትበት የብዙዎቻችን ጂሜይል የተያያዘው ከኩዌት ቁጥር ጋር ነው። ጠቅልለን አገር ስንገባ ሲሙ ይዘጋል፤ የማረጋገጫ ኮዱ ግን የሚላከው ወደዚያው ቁጥር ነው። ከመሄድ በፊት የኢትዮጵያ ቁጥር ወይም ሁለተኛ ኢሜይል ማስገባት ነው።