ስልኩ ከታደሰ በኋላ ዋይፋይ ሲንቀረፈፍ



ባለፈው ወር መጨረሻ የቁጠባ ሒሳባችንን ለመላክ ስንቀመጥ ዋይፋዩ ተንቀረፈፈብን። የማኅበሩ ስልክ ሶፍትዌሩን ያደሰው በዋዜማው ሌሊት ነበር። ተበሳጭተን ስልኩን ጠርገን እንደ አዲስ ልንጀምር አልን። የመዝገቡ ፎቶ ያለው ግን እዚያው ስልክ ላይ ነው፤ እጃችንን ሰበሰብን።

ሒሳብ ሲዛባ መዝገቡን አንጥልም፤ ስህተቱን መስመር በመስመር እንፈልጋለን። እንዲሁ አደረግን።

መጀመሪያ በሌላ ስልክ ሞከርን። ሁለቱም ቢዘገዩ ጥፋቱ የራውተሩ ወይም የመስመሩ ነበር፤ የዘገየው ግን የእኛው ብቻ ሆነ። ስልክ ሲታደስ መተግበሪያዎቹም ተከታትለው ስለሚታደሱ መስመሩን ይሻሙታል። ስለዚህ ቻርጅ ላይ አድርገን ጥቂት ሰዓት ታገስን። ቀጥለን ስልኩንም ራውተሩንም አጥፍተን አበራን። በመጨረሻም ስልኩ ዋይፋዩን እንዲረሳው አድርገን የይለፍ ቃሉን ዳግም አስገባን፤ ተስተካከለ። ቪፒኤን የምትጠቀሙም ዘግታችሁ ሞክሩ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የኔትወርክ ቅንብሩን ብቻ ዳግም ማስጀመር ይቻላል። የዋይፋይ ይለፍ ቃሎችና የብሉቱዝ ግንኙነቶች ይጠፋሉ፤ ፎቶና ሰነድ ግን አይነካም። ፋክተሪ ሪሴት የሚባለው ግን ሁሉንም ይጠርጋል።

በመተማ ፀሐይ ሰሊጥ አርማና አጭዳ የቆጠበች እህታችን ገንዘብ የተጻፈበትን መዝገብ በአንድ ጣት ንክኪ አናጥፋ። ከእንግዲህ በየወሩ ቅጂውን በወረቀትም እንይዛለን።