የብቻ መንገደኛና አደራው

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የታዘዝሁት ለብቻው የሚጓዝ ሰው ራሱንና ንብረቱን ከሌባ ስለሚጠብቅበት ዘዴ ነው። የሒሳብ መርማሪዎች እንደ መሆናችን፣ ብዙዎቻችን ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን፣ ማንኩሳን አልፈን፣ ቡሬ ላይ መኪና ለውጠን ወደ ሽንዲ ወይም ወደ ሌላ የገጠር ቀበሌ እንወርዳለን። የምንይዘው ሻንጣ የልብስ መያዣ ብቻ አይደለም፤ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ደረሰኝና መዝገብ ያለበት ነው። ስለዚህ ሻንጣው ሲሰረቅ የሚጎዳው ባለ ሻንጣው ብቻ አይሆንም።

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ቡሬ መናኸሪያ ውስጥ መኪና ስጠብቅ፣ ልብሱ የጸዳ፣ አንደበቱ የጣመ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ከየት እንደ መጣሁና ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ እርሱም ወደዚያው እንደሚሄድ ነገረኝ። ትኬት ልቆርጥ ስነሣ፣ «ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሻንጣውን እኔ ልጠብቅልዎ» አለኝ። ስመለስ ሰውየውም ሻንጣውም አልነበሩም። ፊት ለፊት ሻይ የሚሸጡ እናት ጩኸቴን ሰምተው መጡና፣ «ልጄ፣ እኔ ደጅ አስቀምጠኸው ብትሄድ ኖሮ ስንት ዓይን በጠበቀልህ! አንተ ግን ከመጣህ ጀምሮ ለማናችንም ቃል አልተነፈስህም» አሉኝ።

በማግሥቱ እረኞች ሰነዱን ከከተማው ዳር ቦይ ውስጥ ተጥሎ አገኙት፤ ማኅተሙን ያወቀ አንድ ገበሬም ለእኒያ እናት አደረሰላቸው። ገንዘቤ አልተመለሰም። ከሰነዱም ሁለት የደረሰኝ ጥራዝ ጎደለ። በዚህ ምክንያት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ የበርበሬውን ሽያጭ በትክክል ገቢ ማድረጉን ለማስረዳት ብዙ ወራት ተንገላታ። ከጠፋብኝ ገንዘብ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

የሴትዮዋ ምክር ለአገሩ አዲስ አልነበረም። ቡሬ ከጎጃም ወደ ወለጋ በሚያሻግረው መንገድ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች የዓባይን በረሓ ለብቻ አያቋርጡም ነበር፤ ተጠባብቀው በአለቃ ሥር ይጓዙ፣ ሌሊትም ጭነታቸውን መካከል አድርገው በተራ ይጠብቁ ነበር። በገጠሩም ስርቆት ሲደርስ የአካባቢው ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይገደድ ነበር። ልማዱ ንጹሑንም የሚያንገላታ ቢሆን፣ የእንግዳ ንብረት የመንደሩ ሁሉ ኃላፊነት መሆኑን ያስረዳ ነበር።

እንግዲህ የብቸኛ መንገደኛ ጋሻው በሰው መታወቁ ነው። ነገር ግን ሌባም ወዳጅ መስሎ ይመጣልና ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን? እኔ የደረስሁበት መለያ ይህ ነው፦ ጠባቂያችንን እኛ እንምረጠው እንጂ እርሱ አይምረጠን። ሻይ ሻጯ ነገም በቦታቸው ይገኛሉ፤ ሁሉም ያውቃቸዋል። ራሱን ያቀረበልን መንገደኛ ግን ስሙ እንኳ እውነተኛ መሆኑን አናውቅም።

በዚህ መሠረት ጥቂት ነገሮችን ላሳስብ። በመጀመሪያ፣ ከመነሣታችን በፊት መንገዱን እንጠይቅ። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ በየጊዜው ይዘጋል፤ መንገዱ ሲያሠጋ መቅረት ስንፍና አይደለም። መሣሪያ የያዘ ቀማኛ ቢያጋጥም ገንዘቡን መስጠት ይገባል፤ ገንዘብ ይተካል፣ ሕይወት አይተካም።

ሁለተኛ፣ ሰነድ ከጭናችን ላይ እንጂ ከመኪና ጣሪያ ላይ አይጫን። ለትኬትና ለምግብ የሚሆነውን ዝርዝር ከሌላው ገንዘብ እንለይ። ኪስ አውላቂ የሚሠራው በመኪና በር ግፊያ ውስጥ ነውና፣ ሰው ሲጋፋ እጃችን ኪሳችን ላይ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ጥሬ ገንዘብ የመያዝ አስፈላጊነት ቀንሷል። ይሁን እንጂ ስልኩ ራሱ ቦርሳ ሆኗል፤ የምስጢር ቁጥሩን ለማንም አናሳይ። መስመር ሲቋረጥም እንዳንቸገር ጥቂት ጥሬ ገንዘብ አይለየን።

አራተኛ፣ ሳይመሽ አልጋ እንያዝ፤ የበሩን መቀርቀሪያ እንፈትሽ። ለአልጋ ቤቱ ባለቤት አደራ ስንሰጥ በሰው ፊት ቆጥረን እናስረክብ። የት እንዳደርንና ነገ ወዴት እንደምንሄድ ደግሞ ለቤተሰባችንና ለመሥሪያ ቤታችን እንንገር።

አንድ ነገር ግን ለመንገደኛው ብቻ የሚተው አይደለም። በተለይ ሴት ባልደረቦቻችን ለብቻ ሲላኩ የሚደርስባቸው አደጋ ከስርቆት የከፋ ነው። አበል ለመቆጠብ ሲባል አንድን ሠራተኛ ብቻውን ሰነድ አሸክሞ መስደድ ቁጠባ አይባልም፤ የጎደሉት ሁለት ጥራዞች ያስከተሉት ወጪና እንግልት ከአንድ ሰው አበል ይበልጥ ነበር። ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፣ የሰነድ ጉዞ በሁለት ሰው እንዲሆን ማኅበራችን ለየመሥሪያ ቤቱ እንዲያሳስብ እጠይቃለሁ።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሙ እውነት እንዲሆን መንገዱም፣ መንገደኛውም፣ ላኪውም የየድርሻቸውን ሊያደርጉ ይገባል።