የመቀነት ሳንቲም

ቀዳማዊ አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ2002 የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዙ የእርዳታ ድርጅት ከቲርፈንድ ጋር ተባብራ በናዝሬት ከተማ፣ በዛሬይቱ አዳማ፣ በአምስት ማኅበራት የጀመረችው የራስ አገዝ ሥራ፣ ለነዳያን ሴቶች ምጽዋት በመስጠት ፈንታ ከየራሳቸው መቀነት በየሳምንቱ የሚፈታውን ሳንቲም መሠረት ያደረገ ስለ ሆነ፣ ከልማደኛው ቸርነት የተለየ ነው እላለሁ።

ካልእት አቅራቢ፦ አላስተባብልም፤ ነገር ግን እቁብን ለሚያውቅ ሰው ምን አዲስ ነገር አለው?

ቀዳማዊ፦ እቁብ የተሰበሰበውን ሁሉ በየተራ ዕጣ ለወጣለት ያስጨብጣል፤ እነዚህ ሴቶች ግን አሥራ አምስትም ሃያም ሆነው፣ ሕገ ማኅበራቸውን ራሳቸው ደንግገው፣ ስብሰባውንም በየተራ እየመሩ፣ የተጠራቀመውን እርስ በርሳቸው ይበዳደራሉ፤ አንዲቱ ሽንኩርት ለመቸርቸር፣ ሌላይቱ እንጀራ ጋግራ ለመሸጥ የወሰደችውን ከጥቂት ወለድ ጋር ስትመልስም፣ ትርፉ ለባዕድ ባለጸጋ ሳይሆን ለዚያው ለማኅበሩ ሣጥን ይገባል።

ካልእት፦ ወለድ አሉኝ! ፍትሐ ነገሥታችን አራጣን እየከለከለ፣ ማኅበሩም ለሙስሊም እኅቶች ጭምር በሩን ከፍቶ ሳለ፣ ይህ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ቀዳማዊ፦ ከራስ ወጥቶ ወደ ራስ የሚመለሰውን አራጣ ማለት ይከብደኛል።

ካልእት፦ ለእርስዎ ይከብድዎት ይሆናል፤ ለሙስሊሞቹ እኅቶች ሼኽ ግን አይከብዳቸውም። በእስልምና ሕግ ቀርድ ሐሰን የተባለ ያለ ወለድ የሚሰጥ ብድር ስላለ፣ ያ መንገድ ካልተከፈተ «ለሁሉም ነው» የሚለው ቃል ጎደሎ ይሆናል።

ቀዳማዊ፦ ይኸስ እውነት ነው፤ ሕጉን የሚያወጡት ሴቶቹ ከሆኑ ግን፣ ወለዱን የማንሣቱም ሥልጣን በእነርሱው እጅ ነው።